ኦክስጅን ያጠራቸው የካንሰር ሕዋሳት ኃይል የሚያመርቱበትን መንገድ በቤተ ሙከራ መከታተል

ኦክስጅን ሲያጥር የካንሰር ሕዋሳት ኃይል የሚያመርቱበት መንገድ ይለወጣል፤ ይህን ለመለካት የተነሣ ሰው ግን አስቀድሞ ሕዋሳቱ በእርግጥ ኦክስጅን ማጣታቸውን ማረጋገጥ አለበት። የክፍል አየር 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን ሲኖረው፣ ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው 1 በመቶ ነው። የኢንኩቤተሩ (ሕዋሳቱ የሚቆዩበት፣ ሙቀቱና አየሩ ቁጥጥር የሚደረግበት ሣጥን) ማሳያ 1 በመቶ ቢያነብም፣ ከውጭ የገባው ሚዲያ (ሕዋሳቱ የሚያድጉበት ፈሳሽ ምግብ) እና የፕላስቲክ ሳህኑ የያዙትን ኦክስጅን ቶሎ አይለቁም፤ ስለዚህ ሚዲያውን በሰፊ ሳህን ሳሳ አድርጎ አፍስሶ እዚያው ኢንኩቤተር ውስጥ ማሳደር ያስፈልጋል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማሳስበው ይህን ነው።

ከዚያ በቁጥር እኩል የሆኑ ሕዋሳትን ግማሹን በተለመደው አየር፣ ግማሹን በ1 በመቶ ለ24 ሰዓት ያቆዩ፤ ለማነጻጸሪያም ሕዋስ የሌለበት ሚዲያ በሁለቱም በኩል ያስቀምጡ። ሚዲያው ፊኖል ሬድ የተባለው አሲድ ጠቋሚ ቀለም ካለው፣ አሲድ እየበዛ ሲሄድ ቀዩ ቀለም ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ሲያደላ በዓይን ይታያል፤ ይህ ፍንጭ እንጂ ልኬት አይደለም። የጠፋውን ግሉኮስና የተመረተውን ላክቴት (ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ሲፈርስ የሚወጣውን ውጤት) ለክተው ለሕዋሳቱ ቁጥር ያካፍሉ። ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል ሊወጣ የሚችለው ላክቴት ቢበዛ ሁለት ሞለኪውል ስለሆነ፣ በሞለኪውል ቁጥር ላክቴቱ ለጠፋው ግሉኮስ ሲካፈል ወደ 2 ከተጠጋ አብዛኛው ግሉኮስ ወደ ላክቴት ሄዷል ማለት ነው፤ ከ2 ከበለጠ ግን ልኬቱን መልሰው ይመርምሩ፣ ሌላ የላክቴት ምንጭ መኖሩንም ይጠይቁ።

ለውጡ የሚመጣው የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ ኦክስጅን ስላጣ ብቻ አይደለም፤ ሕዋሱ ራሱም በሩን ይዘጋል። ኦክስጅን ሲኖር ሂፍ-1 አልፋ የተባለው ፕሮቲን ኢንዛይሞች ምልክት እያደረጉበት ይወገዳል፤ ሲያጥር ግን ይከማችና ግሉኮስ የሚያስገቡ፣ ላክቴት የሚሠሩ ፕሮቲኖች እንዲበዙ ያደርጋል። ከእነዚህ ጋር የሚበዛው ፒዲኬ-1 የተባለው ኢንዛይም ደግሞ ከግሉኮስ መፍረስ የሚገኘው ፓይሩቬት ወደ ማይቶኮንድሪያው የኃይል ዑደት እንዳይገባ ያግዳል። አንድ ግሉኮስ እስከ ላክቴት ሲሄድ የሚተርፈው 2 ኤቲፒ (ሕዋሱ ለሥራው የሚጠቀምበት ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል)፣ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ግን 30 ያህል ስለሆነ፣ ሕዋሱ ጉድለቱን ለመሸፈን ብዙ ግሉኮስ ይስባል።

ሂፍ-1 አልፋ አየር ባገኘ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጠፋ፣ ፕሮቲኑን ለመለካት ሕዋሳቱን ከተቻለ እዚያው ኦክስጅኑ ባነሰበት ሣጥን ውስጥ ያፍርሱ፤ ካልተቻለም ሳህኑን እንዳወጡ በረዶ ላይ አድርገው ወዲያው ይሥሩ። የኦክስጅን እጥረትን ለማስመሰል የሚጨመረው ኮባልት ክሎራይድ የተባለ ኬሚካል ይህን ፕሮቲን ቢያከማችም ኦክስጅኑን አይቀንስም፤ ስለ ሕዋሱ አተነፋፈስ ለመናገር ከፈለጉ በምትኩ አይጠቀሙበት።