አንትሮፖሎጂን ለህንድ ሲቪል ሰርቪስ ፈተና እንዴት ማጥናት ይቻላል?

የህንድ ሲቪል ሰርቪስ ፈተና ሦስት ደረጃ አለው፤ የማጣሪያ ፈተና፣ በጽሑፍ የሚሰጥ ዋና ፈተና እና ቃለ መጠይቅ። የማጣሪያው ውጤት ለማለፍ ብቻ ነው። ደረጃ የሚወጣው በጽሑፉ 1750 ነጥብና በቃለ መጠይቁ 275 ነጥብ ድምር ነው። ከ1750ው ውስጥ 500ው የሚመጣው ተፈታኙ ራሱ ከሚመርጠው አንድ የትምህርት ዓይነት ሲሆን፣ የሰውን ልጅ አካል፣ ባህልና ማኅበራዊ ኑሮ የሚያጠናው አንትሮፖሎጂ ከአማራጮቹ አንዱ ነው። በዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ያልተማሩት መሐንዲሶችና ሐኪሞች ጭምር ይመርጡታል፤ መርሐ ትምህርቱ አጭር ነው፣ ከዜሮ ተነስቶ መጨረስ ይቻላል፣ ገሚሱም ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ያደላል።

አጭርነቱ ግን ያዘናጋል። ብዙዎች መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ያነቡና ፈተናው ላይ ትርጉምና አጠቃላይ ሐሳብ ብቻ ጽፈው ይወጣሉ። ጥሩ ነጥብ የሚያገኝ መልስ ሦስት ነገር ይዞ ይገኛል፦ በስም የተጠራ ማኅበረሰብ፣ በስም የተጠራ ተመራማሪ እና በእጅ የተሠራ ንድፍ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሦስቱን እጅ ውስጥ ለማስገባት ነው።

መፈተን የሚችሉት በመሠረቱ የህንድ ዜጎች ናቸው። ሆኖም ለአንዳንድ የሥራ ዘርፎች ደንቡ ከሚፈቅድላቸው ሌሎች ወገኖች መካከል፣ በህንድ ጠቅልለው ለመኖር ከኢትዮጵያ የሄዱ የህንድ ተወላጆች በአገር ስም ተጠቅሰዋል። ፈተናውን የማይወስድ አንባቢም ቢሆን፣ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂ የሚማር ከሆነ፣ ዘዴው ይሠራለታል።

እርምጃ 1፦ መጀመሪያ የፈተናውን ሒሳብ ይሥሩ

ፈተናው ሁለት ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ 250 ነጥብና 3 ሰዓት። በአንድ ወረቀት ላይ ስምንት ጥያቄዎች በሁለት ክፍል ተከፍለው ይቀርባሉ፤ የሚመለሱት አምስት ናቸው። 1ኛውና 5ኛው ግዴታ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው በ150 ቃላት የሚመለሱ አምስት አጫጭር ጥያቄዎችን ይይዛሉ፤ ለእያንዳንዱ 10 ነጥብ። ከቀሩት ስድስት ውስጥ ሦስት ይመረጣሉ፣ ከየክፍሉ ቢያንስ አንድ። እነዚህ በብዛት በ20፣ በ15 እና በ15 ነጥብ የተከፋፈሉ ናቸው።

በአንድ ላይ 10 አጫጭርና 9 ረዘም ያሉ መልሶች፣ 19 መልስ በ180 ደቂቃ ማለት ነው። ለ10 ነጥብ 7 ደቂቃ፣ ለ15 ነጥብ 10 ደቂቃ ተኩል፣ ለ20 ነጥብ 14 ደቂቃ ቢመድቡ ድምሩ 175 ይሆናል። የምትተርፈው 5 ደቂቃ ጥያቄ ለመምረጥ ነች። በ7 ደቂቃ ተጽፎ የማያልቅ ማስታወሻ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለዚህ ፈተና አይሆንም።

እርምጃ 2፦ የቀድሞ ጥያቄዎችን በርዕስ ይደልድሉ

መርሐ ትምህርቱን አትመው እያንዳንዱን መስመር በአንድ ገጽ ራስጌ ላይ ይጻፉ። ከዚያ የ10 ዓመት ጥያቄዎችን አንድ በአንድ በሚመለከታቸው ገጽ ሥር ይገልብጡ። ከ2013 ወዲህ ያሉት ይበቃሉ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ የምርጫ ትምህርቱ ከሁለት ወደ አንድ የተቀነሰው በዚያ ዓመት ነው። ሥራው ሦስት አራት ቀን ይፈጃል፤ አሰልቺም ነው። ግን ሌላ ሰው ደልድሎ ያዘጋጀውን ገዝቶ መጠቀም ጥቅሙን ያጠፋዋል፤ ጥያቄዎቹ እንዴት እንደሚደጋገሙና ቃላቸው እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚታወቀው እየገለበጡ ሲሄዱ ነው።

እርምጃ 3፦ ቅደም ተከተሉን ያስተካክሉ

መርሐ ትምህርቱ የሚጀምረው ከትርጉምና ከሰው ዝግመተ ለውጥ ቢሆንም፣ ከዚያ መጀመር አይመከርም። ቀላሉ መንገድ ባህል፣ ጋብቻ፣ ቤተሰብና ዝምድና፣ ቀጥሎ ኢኮኖሚ፣ ፖለቲካና ሃይማኖት፣ ከዚያ ንድፈ ሐሳቦች፣ ከዚያ ዝግመተ ለውጥና የዘረመል ትምህርት፣ በመጨረሻም በህንድ ላይ የሚያተኩረው ሁለተኛ ወረቀት ነው። ንድፈ ሐሳቦችን ቀድሞ የጀመረ ሰው ታዋቂዎቹ የአንትሮፖሎጂ ሊቃውንት ማሊኖቭስኪና ራድክሊፍ ብራውን ስለ ምን እንደሚከራከሩ አይገባውም፤ የሚከራከሩበትን ማኅበራዊ ኑሮ ገና አላየውማ።

በቀን 2 ሰዓት ተኩል ያህል የሚመድብ ሰው በ16 ሳምንት ይጨርሳል፤ 10 ሳምንት ለመጀመሪያው ወረቀት፣ 6 ለሁለተኛው። ይህ ከማጣሪያው ፈተና በፊት ማለቅ አለበት። ከማጣሪያው እስከ ዋናው ፈተና ያለው 3 ወር ገደማ ለመጻፍና ለመከለስ እንጂ አዲስ ምዕራፍ ለመክፈት አይበቃም።

እርምጃ 4፦ የማኅበረሰብ ካርዶች

ኤ4 ወረቀት ለሁለት ይቁረጡ። በእያንዳንዱ ግማሽ ላይ አንድ ማኅበረሰብ፦ ስሙ፣ የሚኖርበት ቦታ፣ መተዳደሪያው፣ የሚታወቅበት ነገር፣ ያጠናው ሰው፣ በግርጌው ደግሞ ለየትኞቹ ርዕሶች እንደሚያገለግል። 25 ከህንድ፣ 15 ከሌላው ዓለም ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ይምታታል።

የቶዳ ካርድ ምን እንደሚመስል እንመልከት። ቦታ፦ በደቡብ ህንድ ታሚል ናዱ፣ የኒልጊሪ ተራሮች። መተዳደሪያ፦ የውሃ ጎሽ እርባታ። የሚታወቁበት፦ አንዲት ሴት ለወንድማማቾች በጋራ የምትዳርበት የቀድሞ የጋብቻ ሥርዓት፣ እንዲሁም እንደ ቤተ መቅደስ የሚከበሩ የወተት ቤቶች። ያጠናቸው፦ ሪቨርስ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ። ይህች አንዲት ካርድ ለጋብቻ፣ ለቤተሰብ፣ ለአርብቶ አደር ኢኮኖሚ፣ ለሃይማኖትና ለመስክ ጥናት ታሪክ ታገለግላለች። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው፤ ካሲዎች በሜጋላያ ዘርን በእናት ወገን ለመቁጠር፣ ጃራዋዎች በአንዳማን ደሴቶች ለአደንና ለቅሞ መኖር፣ ኑዌሮች ያለ አለቃ በዘር ሐረግ ቅርንጫፎች ለሚተዳደር ሕዝብ። ኑዌሮችን ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ በያኔዋ ሱዳን፣ በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን፣ አጠናቸው፤ እኛ ደግሞ በጋምቤላ እናውቃቸዋለን።

እርምጃ 5፦ ንድፍ መሥራት ይልመዱ

የዝምድና ንድፍ ቋንቋው አጭር ነው። ሦስት ማዕዘን ወንድ፣ ክብ ሴት፣ ሁለት አግድም መስመር ጋብቻ፣ ወደ ታች የሚወርድ አንድ መስመር ልጅ፣ ከላይ የሚያገናኝ አንድ አግድም መስመር ወንድማማችና እህትማማችነት። ዝምድናው የሚቆጠርለትን ሰው ያጥቁሩት።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ መጠንቀቅ ያለበት ነገር አለ። አጎት ስንል የአባት ወንድምም የእናት ወንድምም ነው፤ አክስትም እንዲሁ። በአንትሮፖሎጂ ግን ልዩነቱ ሁሉን ይወስናል። የአባት ወንድም ልጅና የእናት እህት ልጅ አንድ ምድብ ናቸው፤ የእናት ወንድም ልጅና የአባት እህት ልጅ ሌላ ምድብ። በደቡብ ህንድ በብዙ ማኅበረሰቦች የእናትን ወንድም ልጅ ማግባት የተወደደ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምድብ ልጅ እንደ እህት ስለሚቆጠር አይነካም። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚጋባ ሰው ሁለቱም ዘመድ ናቸውና ልዩነቱ በቃል አይያዝም። አምስት ስድስት ጊዜ በእጅ መሳል ያስፈልጋል፤ ሲሳል ወዲያው ይታያል። ስለዚህ በማስታወሻዎ ላይ «አጎት» ብለው አይጻፉ፤ ሁልጊዜ «የእናት ወንድም» ወይም «የአባት ወንድም» ይበሉ።

ሌላው ምሳሌ በፓፑዋ ኒው ጊኒ በትሮብሪያንድ ደሴቶች የሚታወቀው ኩላ የተባለው የዛጎል ጌጦች ልውውጥ ነው። ጥያቄው 10 ነጥብ ቢሆን፣ በመጀመሪያው ደቂቃ ምን፣ የት፣ ማን፤ ማሊኖቭስኪ በ1915 እና በ1918 መካከል የሠራበት። በሁለተኛው ደቂቃ ንድፉ፦ ክብ ላይ ስድስት ሰባት ነጥቦች ለደሴቶቹ፣ ቀይ የዛጎል ሐብሎች በሰዓት አቅጣጫ፣ ነጭ የዛጎል አምባሮች በተቃራኒው። በቀጣዮቹ አራት ደቂቃዎች ጥቅሙ፦ የክብር ውድድር፣ በደሴቶች መካከል ሰላም፣ አብሮ የሚሄደው ተራ ንግድ። የመጨረሻዋ ደቂቃ ለትችት ናት፤ አንትሮፖሎጂስቷ አኔት ዌይነር በ1970ዎቹ ሴቶች በሙዝ ቅጠል ጥቅሎች የሚያካሂዱትን ልውውጥ ማሊኖቭስኪ ችላ እንዳለው አሳይታለች። ይህች መስመር ብዙዎቹ መልሶች የሌላቸው ናት።

እርምጃ 6፦ ከቅሪተ አካልና ከዘረመል አይሽሹ

የማኅበራዊ ትምህርት ምሩቃን ይህን ክፍል ይዘሉታል። ያሳዝናል፤ መልሱ ልክ ከሆነ አራሚው የሚቀንስበት ምክንያት ጥቂት የሆነው እዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ቅሪተ አካል አንድ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፦ ቦታ፣ የተገኘበት ዓመት፣ ዕድሜ፣ የአንጎል መጠን፣ ጥርስ፣ አረማመድ። ድንቅነሽ በ1974 ሀዳር፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህል። ዳሌዋና ጉልበቷ ቀጥ ብሎ መሄድን ያሳያሉ፤ የዝርያዋ አንጎል ግን ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም። ከዚህ የሚወጣው ነጥብ በሁለት እግር መሄድ ከአንጎል ማደግ መቅደሙ ነው። ከድንቅነሽ የምትቀድመው አርዲ ከአፋር አራሚስ፣ 4.4 ሚሊዮን። የድንጋይ መሣሪያዎች ከጎና፣ 2.6 ሚሊዮን። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ብሔራዊ ሙዚየም ሄዶ የድንቅነሽን ቅጂ እያየ ዳሌውን ቢስል ከማንኛውም መጽሐፍ ይሻለዋል።

በዕድሜ ልኬት ላይ ደግሞ ተደጋጋሚ ስህተት አለ፤ የሀዳርን ዕድሜ በካርቦን 14 ተለካ ብሎ መጻፍ። ካርቦን 14 በየ5730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ከ50 ሺህ ዓመት በኋላ የሚለካ አይቀርም። የሚሊዮን ዓመታት ዕድሜ የሚለካው በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ በፖታሲየምና አርጎን ነው፤ የሚለካውም አጥንቱ ሳይሆን ከላይና ከታች ያለው ንብርብር ነው።

ከህንድ የናርማዳን የራስ ቅል ይያዙ፤ በ1982 በማድያ ፕራዴሽ ሃትኖራ አሩን ሶናኪያ ያገኘው። መጀመሪያ ሆሞ ኢሬክተስ፣ ማለትም የጠፋ ቀደምት የሰው ዝርያ፣ ተባለ፤ በኋላ ሌሎች ወደ እኛው ዝርያ፣ ወደ ቀደምት ሆሞ ሳፒያንስ፣ አስጠጉት። ራማፒቴከስ የተባለው ቅሪተ አካልም እንዲሁ የሰው ቀዳሚ ተብሎ ቆይቶ ዛሬ ሲቫፒቴከስ ከተባለው ጥንታዊ ጦጣ መሰል እንስሳ ጋር ተደምሯል። መርሐ ትምህርቱ የድሮውን ስም ስለያዘ ብቻ የድሮውን ድምዳሜ አይጻፉ፤ ሁለቱንም ጽፈው ለምን እንደተቀየረ ያስረዱ።

በዘረመል የሃርዲና ዋይንበርግን ሕግ፣ ማለትም የዘረመል ድርሻ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደማይለወጥ የሚናገረውን፣ በቁጥር አስልተው ያሳዩ። ከሁለቱም ወላጅ ሲወረስ ብቻ የሚታይ በሽታ ከ10,000 ሰው በአንዱ ቢገኝ፣ ድርሻው 0.0001 ነው። የዚህ ካሬ ሩት 0.01 የበሽታው ዘረመል ድርሻ ይሆናል፤ የጤነኛው 0.99። ሳይታመሙ ዘረመሉን የሚሸከሙት 2 ጊዜ 0.99 ጊዜ 0.01፣ ማለትም 0.0198፤ ከ10,000 ሰው 198። አንድ ታማሚ ሲኖር 198 ተሸካሚ አለ ማለት ነው። ይህችን አራት መስመር የጻፈ ተፈታኝ ሕጉ እንደገባው አሳይቷል። ሕጉ የሚሠራባቸውን ሁኔታዎችም ያክሉ፦ ሰፊ ሕዝብ፣ ያለ ምርጫ መጋባት፣ ፍልሰት፣ ሚውቴሽንና የተፈጥሮ ምርጫ አለመኖር።

እርምጃ 7፦ ሁለተኛውን ወረቀት ከመጀመሪያው ጋር ያያይዙ

ሁለተኛው ወረቀት የህንድን ማኅበረሰብ፣ ሰው በትውልዱ በደረጃ የሚከፋፈልበትን የካስት ሥርዓትንና የጎሳ ማኅበረሰቦችን ይመለከታል። ብዙዎች እንደ ጋዜጣ ይጽፉታል፤ ነጥብ የሚጠፋውም በዚህ ነው። በቃል መያዝ ያለባቸው ጥቂት ናቸው፦ በ2011 ቆጠራ በሕግ የተመዘገቡ ጎሳዎች ከሕዝቡ 8.6 በመቶ፤ በተለይ ተጋላጭ የተባሉ 75 ቡድኖች፤ ጎሳዎቹ የሚመዘገቡበት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 342 እና የአካባቢያቸውን አስተዳደር የሚመለከተው አንቀጽ 244፤ ስለዚሁ አስተዳደር የሚደነግጉት የሕገ መንግሥቱ አምስተኛውና ስድስተኛው ሠንጠረዥ፤ የ1996ቱ የጎሳ አካባቢ የመንደር ምክር ቤቶች ሕግ፤ የ2006ቱ የደን መብት ሕግ።

ከዚያ አንድ ጉዳይ ጠለቅ አድርገው ይወቁ። በኦዲሻ ግዛት የሚገኙት የኒያምጊሪ ኮረብታዎች ቦክሳይት የተባለ የአሉሚኒየም ማዕድን አላቸው፤ እዚያ ለሚኖሩት የዶንግሪያ ኮንድ ጎሳዎች ደግሞ የአምላካቸው የኒያም ራጃ መኖሪያ ናቸው። በ2013 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ለመንደር ምክር ቤቶቹ ተወው፤ 12ቱም ማዕድኑ እንዳይወጣ ወሰኑ። በአንድ ጉዳይ ውስጥ ሃይማኖት፣ ከመሬት መፈናቀል፣ የደን መብት ሕግና የመንደር ምክር ቤት ሥልጣን አሉ። ህንዳዊው አንትሮፖሎጂስት ቪድያርቲ ተፈጥሮ፣ ሰውና መንፈስ ተሳስረው እንደሚኖሩ ማሌር በተባሉት የራጅማሃል ኮረብታ ጎሳዎች ላይ ያሳየውን ሐሳብ እዚህ ላይ ካከሉበት፣ የዜና ወሬው የአንትሮፖሎጂ መልስ ይሆናል።

እርምጃ 8፦ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ይጻፉ

ሳይጨርሱ መጻፍ ያስፈራል፤ ግን ካልተጻፈ የጎደለው አይታይም። በሦስተኛው ሳምንት በቀን ሁለት ባለ 10 ነጥብ መልስ፣ ሰዓት ይዘው። ከማጣሪያው በኋላ በሳምንት አንድ ሙሉ ወረቀት፣ 3 ሰዓት ሳይነሱ፣ በእስክሪብቶ። ሲጨርሱ በእያንዳንዱ መልስ ጎን ሦስት ምልክት ይፈልጉ፦ ማኅበረሰብ፣ ተመራማሪ፣ ንድፍ። አንዱ የጎደለበትን መልስ በማግስቱ እንደገና ይጻፉት።

በፈተናው ቀን ግዴታ የሆኑትን ሁለት ጥያቄዎች በ70 ደቂቃ ይጨርሱ። ባለ 20 ነጥብ መልስ እየጣፈጠ ወደ 20 ደቂቃ ሲሄድ ያቁሙት፤ የመጨረሻው ጥያቄ ባዶ ሲቀር የሚጠፋው 15 ነጥብ በጥሩው መልስ ላይ በሚጨመሩ ሁለት መስመሮች አይመለስም። ንድፍ ሲሠሩ እርሳስና ማስመሪያ አይፈልጉ፤ በእስክሪብቶ በእጅ፣ ስሞቹን በግልጽ ጽፈው፣ ከአንድ ደቂቃ ሳያሳልፉ።