በማታውቁት የአሜሪካ ስቴት የተርኪ (ትልቅ የዱር ወፍ) አደን መሬት ስትመርጡ

ካርታ ከመክፈታችሁ በፊት ሕጉን አንብቡ። ነገሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ካንሳስ ከሌላ ስቴት ለሚመጣ አዳኝ የጸደይ ተርኪ ፈቃድ የሚሰጠው በዕጣ ነው፤ ማመልከቻውም የሚዘጋው ገና በብርዱ ወራት ነው። ኔብራስካ ከውጭ ለሚመጡ በ10,000 ፈቃድ ገድባዋለች። ሚዙሪ ደግሞ በመንግሥት መሬት ላይ የጸደይ አደን በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ 1 ላይ ይቆማል። ቨርጂኒያ ናሽናል ፎረስት (የፌዴራል መንግሥት ደን) ውስጥ ለማደን ከአደን ፈቃዱ ሌላ ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን ሳያጣሩ መንገድ መጀመር ገንዘብ መጣል ነው።

ብዙ ሰው ካርታው ላይ ትልቁን አረንጓዴ ቦታ ያይና ወደዚያ ይነዳል። ሚዙሪ ያለው ማርክ ትዌይን ናሽናል ፎረስት ወደ 1.5 ሚሊዮን ኤከር ይሆናል፤ ግን በአንድ ላይ የተያያዘ መሬት አይደለም፣ መሃል መሃሉ ላይ የግል መሬት አለ። ትልቅ ስለሆነ ብቻ ተርኪ ሞልቶታል ማለትም አይደለም። እኔ የምለው አንድ ጫካ ሳይሆን አንድ አካባቢ ምረጡ ነው። በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ሦስት አራት የተለያዩ መሬቶች ይኑሯችሁ፦ ናሽናል ፎረስት፣ ስቴቱ ለዱር እንስሳት የያዘው መሬት፣ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች በሚያስተዳድሯቸው ግድብ ሐይቆች ዳር ያለው መሬት። ምክንያቱም ጎህ ሳይቀድ ደርሳችሁ በሩ ላይ መኪና ቆሞ ስታገኙ፣ ያለ ብዙ ማሰብ ወደሚቀጥለው መሄድ አለባችሁ። ሰው ቀድሞ የገባበት ላይ መግባት ነውርም ነው፣ አደጋም አለው። ናሽናል ፓርኮችን ግን ተዉአቸው፣ አብዛኞቹ ውስጥ አደን ክልክል ነው።

ካርታው ላይ የምትፈልጉት ድብልቅልቅ ያለ ቦታ ነው። ትልልቅ ዛፍ፣ አጠገቡ ሜዳ ወይም የእርሻ ዳር፣ ትንሽ ጅረት። ተርኪ የሚያድረው ዛፍ ላይ ነው። ምዕራብ ካንሳስ ዛፍ ብርቅ ስለሆነ ወንዝ ዳር የተሰለፉት ኮተንውድ የሚባሉ ትልልቅ ዛፎች ብቻቸውን ብዙ ይነግሯችኋል፤ በምሥራቅ ያለው ተራራማው አፓላቺያ ግን ሁሉም ጫካ ስለሆነ ዛፍ ማየት ምንም አይጠቅም፣ እዚያ ክፍት ቦታውን ፈልጉ። የደን ሠራተኞች ሆን ብለው ያቃጠሉት ጫካ ካለ ደግሞ እሰየው! አዲስ ሣር ይበቅልበታል፣ ነፍሳት ይፈላሉ፣ ተርኪም ይከተላል። የቅርቡ የደን ቢሮ ደውሉና የት እንደተቃጠለ ጠይቁ። «ተርኪ የት አለ?» ብትሉ ሁሉም የሚሄድበትን ነው የሚነግሯችሁ። «ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሰው የማይበዛበት የትኛው ነው?» በሉ።

መንገዶቹን በደንብ እዩ። ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የተተወ አሮጌ የደን መንገድ ወርቅ ነው፣ ብዙ አዳኝ ከመኪናው መራቅ አይወድም። ጅረት መሻገር የሚጠይቅ ትንሽ ጥግም እንደዚያው። ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዱት፣ እዚያ ኔትወርክ አትጠብቁ።

ከተቻለ ከአደኑ አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱና መሬቱን በእግር እዩት። ቅጠሉ እስከ አፈሩ ድረስ ተጭሮ ካያችሁ በልተውበታል። አፈሩ ገና እርጥብ ከሆነ ቅርብ ናቸው። ኩሱንም ጎንበስ ብላችሁ እዩ፦ የወንዱ ረዘም ብሎ ጫፉ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል፣ የሴቷ ጥቅልል ያለ ነው። ጸደይ ላይ የሚታደነው በአብዛኛው ወንዱ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሲመሽ ሸንተረር ላይ ቆማችሁ የጉጉት ድምፅ አሰሙ። ወንዱ ዛፍ ላይ ከወጣ ብዙ ጊዜ ሳያስበው ይመልሳል። ቦታውን ምልክት አድርጉና ሳትጠጉ ተመለሱ።

ጊዜ መምረጥ ከቻላችሁ ከወቅቱ ሁለተኛውን አጋማሽ፣ ከሳምንቱም የሥራ ቀን ውሰዱ። ሰው ይቀንሳል፣ ለሚጾም ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፋሲካ አልፎ ይሆናል።

አደራ፣ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ልብስ አትልበሱ፤ የወንዱ ተርኪ ራስ ቀለም ነው። ከትከሻችሁ የሚሰፋ ግንድ ተደግፋችሁ ተቀመጡ። የሰማችሁትን ጥሪ እያደባችሁ አትከተሉ፣ የሚጠራው ሌላ አዳኝ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጠዋት ምንም ድምፅ ካልሰማችሁ ደግሞ እዚያው አትድረቁ፣ ወደ ሁለተኛው መሬት ንዱ።