የካሽ ሰርቨሮችን የትብብር ዘዴ እንዴት እናወዳድር?

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ፣ ቴዎድሮስና ፋሲል ካምፓስ ላይ አንድ አንድ የካሽ ሰርቨር (አንዴ ከኢንተርኔት የወረደን ፋይል ለቀጣዩ ጠያቂ የሚያስቀምጥ ማሽን) አስቀምጣችሁ በፋይበር አገናኛችኋቸው እንበል። ማራኪ የወረደ ፋይል ቴዎድሮስ ሲፈለግ እንደገና ከውጭ መምጣት የለበትም። ግን የቴዎድሮሱ ሰርቨር ፋይሉ ማራኪ እንዳለ በምን ያውቃል? ዘዴዎቹ የሚለያዩት እዚህ ጋ ነው።

ዋናዎቹ ዘዴዎች አይሲፒ፣ ካሽ ዳይጀስትና ካርፕ ናቸው፤ ስኩዊድ የሚባለው የካሽ ሶፍትዌር ሦስቱንም ይችላል። በአይሲፒ፣ በ1997 በአርኤፍሲ 2186 (የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ) በወጣው፣ ሰርቨሩ ፋይሉ እሱ ጋ ከሌለ ጎረቤቶቹን ሁሉ ይጠይቅና መልስ ይጠብቃል። ካሽ ዳይጀስት ላይ ጎረቤቶቹ ያላቸውን በአጭሩ ጨምቀው ቀድመው ይለዋወጣሉ፤ ግን ዝርዝሩ ካልነካችሁት በሰዓት አንዴ ብቻ ስለሚታደስ፣ አለ ተብሎ ተሄዶ የሚታጣ ፋይል አይጠፋም። ካርፕ ደግሞ ፋይሉ የማን ድርሻ እንደሆነ ከአድራሻው አስልቶ ይወስናል። መጠየቅ የለም፣ አንዱን ፋይል ሁለት ቦታ ማስቀመጥም የለም።

አሁን ወደ ማወዳደሩ። የተማሪ ምዝገባ ሰሞን አክሰስ ሎግ (ማን ምን እንደጠየቀ ሰርቨሩ የሚይዘው መዝገብ) ውሰዱ፤ የተጠቃሚ ስምና አይፒ አጥፉበት። በኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም ተመስጥሮ፣ የሄደውን አውጡት፤ ስኩዊድ ውስጡን ማየት ስለማይችል አያስቀምጠውም፣ ቁጥሩን ብቻ ያበላሽባችኋል። የሚቀረው እንደ ኡቡንቱ (የኮምፒውተር ሲስተም) ማዘመኛ ያለው ነው፤ ጥቂት ቢመስልም ፋይሎቹ ትልልቅ ናቸው። ያንኑ ሎግ በዚያው ፍጥነት ለሦስቱም ልቀቁት። በየመሃሉ ካሹን ባዶ አድርጉ፣ አለበለዚያ ሁለተኛው ዘዴ የመጀመሪያው ባወረደው ይጠቀማል።

ብዙ ሰው ስንት ፐርሰንቱ ካሽ ላይ ተገኘ ብሎ እዚያው ያቆማል። ፈጣን መስመር ላይ ይሄ አይበቃም። ያልተገኘው ፋይል ስንት ሚሊሰከንድ አስጠበቀ? እሱን እዩ። አማካዩን ጥቂት ግዙፍ ፋይሎች ይጎትቱታል፣ ስለዚህ ሚዲያኑን (መሃል ላይ የሚውለውን) እና ከመቶ 95ኛውን (ከመቶ ጥያቄ 95ቱ የማያልፉትን ጊዜ) ያዙ። መስመራችሁ 10 ጊጋቢት ከሆነ ደግሞ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን ዲስክ) ተጠቀሙ፤ ያለዚያ የምትለኩት የዲስኩን ዘገምተኝነት እንጂ ዘዴውን አይደለም።

ለእኔ ትልቁ ፈተና መብራት ሲጠፋ ያለው ነው። ሙከራው እየሄደ የአንዱን ሰርቨር ገመድ ንቀሉ። አይሲፒ ላይ ታይምአውት (መጠበቂያው አልቋል) የሚል ቃል የቀደመባቸው መስመሮች ሎጉ ላይ ይደረደራሉ፤ ስኩዊድ አንዱን መልስ እስከ 2 ሰከንድ ሊጠብቅ ይችላል፣ ጎረቤቱ 10 ሰከንድ ዝም ካለ ግን ሞቷል ብሎ ይተወዋል። ካርፕ ላይ የጠፋው ሰርቨር ድርሻ ብቻ ለቀሩት ይከፋፈላል፣ የሌሎቹ አይናጋም። ለዚህ ነው ከተማ ውስጥ፣ ፋይበር ላይ፣ ካርፕን የምመርጠው። ባሕር ዳር ላለ ጎረቤት ዳይጀስት፤ አይሲፒ ደግሞ ለተቀራረቡ ሁለት ሦስት ሰርቨሮች ብቻ።

ገመዱን ስትመልሱም ሙከራውን አታቁሙ፤ ሰርቨሩ ድርሻውን መልሶ እስኪይዝ ምን ያህል እንደሚፈጅ ለየዘዴው መዝግቡ።