የጣርማበር ዳገትና የሚፈላ ሞተር፦ የመኪና ባለቤቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው ጋራዣችን ተጎትቶ የገባው አይሱዙ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ የተነሣ ነበር። ሹፌሩ ደብረ ሲና ሲደርስ የሙቀት መለኪያው ቀዩን መንካቱን አይቶ ቆሟል፤ ውሃ ጨምሮ ተነሥቷል፤ የጣርማበርን ዳገት ሳይጨርስም ሁለት ጊዜ ደግሞ ጨምሯል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስመዘው ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ ነገር ይዞ ወጣ። «ጋሼ፣ ትንሽ ሞቆ ነው እንጂ ሌላ ችግር የለውም» አለኝ። ልጁን አልተቆጣሁትም፤ በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለኝ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ውሃ እየጨመሩ መጓዝ ነው። የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ በዝግ መስመር ይዞራል እንጂ እንደ ነዳጅ እየነደደ አያልቅም፤ ጎደለ ማለት በራዲያተሩ፣ ውሃ በሚያመላልሰው ጎማ (ቱቦ) ወይም በውሃ ፓምፑ በኩል ወደ ውጭ ፈስሷል፣ አለዚያም በተበላ የቴስታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስ (ቴስታ) እና በታችኛው አካሉ መካከል ባለው ማሸጊያ በኩል ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ያ ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለው ዘይትም ውሃ የተቀላቀለበት ነው። 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚገኘው ጣርማበር የሚወጣ ጭነት መኪና ሞተሩ ያለ የሌለ ኃይሉን ያወጣል፤ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ግን በራዲያተሩ የሚያልፈው ነፋስ ያንሳል። በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ ደግሞ በደብረ ብርሃን ከፍታ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ይህ ሆኖ ሳለ ጤነኛ ሞተር የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝና የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው ነው። ስለዚህ ሞላው የላላ ወይም ጎማው የደረቀ ክዳን ብቻውን መኪናን በዳገት ሊያስቆም ይችላል። ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ የተወተፈ ራዲያተር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ግን የሚጠይቀኝ ስለ ሞተሩ ጉልበት ነበር።

መለኪያው ወደ ቀዩ ሲቃረብ ዳር ይዞ መቆም፣ ሞተሩን ማጥፋትና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይገባል። የላይኛውን የራዲያተር ጎማ በእጅ ጨብጦ መያዝ እስኪቻል ድረስ ክዳኑ አይነካም። እኔ በተለማማጅነቴ ዘመን ይህን ምክር ንቄ በቀኝ ክንዴ ላይ እስከ ዛሬ የሚታይ ጠባሳ አትርፌያለሁ። በጋለ ሞተር ውስጥ የወንዝ ውሃ በአንድ ጊዜ መገልበጥም ቴስታውን ይሰነጥቃል። ውሃው ተሞልቶ እንደገና ከጎደለ ጉዞው አብቅቷል፤ ከዚያ በኋላ የሚነዳ ሰው ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) ወይም ክዳን በመለወጥ ይወጣው የነበረውን ችግር ቴስታ ወደ ማስወረድ እያሸጋገረው ነው።

ሁለተኛው፣ የሙያ ባልደረቦቼንም የሚመለከተው ስህተት፣ ቴርሞስታትን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ዕቃ፣ አውጥቶ መጣል ነው። «ሞተሩ ይቀዘቅዛል» እየተባለ የሚደረገው ይህ ነገር ውርጭ በሚጥልበት አገር ሞተሩ ወደ ትክክለኛ ሙቀቱ እንዳይደርስ ያደርገዋል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ያልነደደው ነዳጅ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ፒስተንና ፋሻም (የፒስተን ቀለበት) ያለ ጊዜያቸው ያልቃሉ። በአንዳንድ ሞተሮች እንዲያውም ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ስለሚመለስ ሙቀቱ ይብሳል።

የዘይት ቀይ መብራት በጉዞ ላይ ከበራ ሞተሩ እዚያው ይጥፋ። ጋራዥ ቅርብ ነው ብሎ አንድ ኪሎ ሜትር የነዳ ሰው ብሮንዚኖቹን፣ የሞተሩ ዘንግ በዘይት ተንሳፎ የሚዞርባቸውን ስስ ብረቶች፣ ጨርሶ ይደርሳል።

ጭስን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚደነግጠው በማያስደነግጠው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከማርሚታ (ከጭስ ማውጫው) የሚወጣው ነጭ ጭስ እንፋሎት ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ከሞቀም በኋላ ካልጠፋና ውሃው ከጎደለ ግን ጓርኒሲዮኑ መጠርጠር አለበት። ጥቁር ጭስ ሲበዛ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን (ማጣሪያውን) ማየት ያዋጣል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ የታፈነ ፊልትሮ ቶሎ ይጎዳል። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው። የቤንዚን መኪና ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በማርሽ ሲወርድ ቆይቶ ነዳጅ ሲሰጡት ብቻ ሰማያዊ ካጨሰ ዘይት ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚያግዱት የቫልቮቹ ጎማዎች ደክመዋል፤ ሽቅብ ሲወጣ ያለማቋረጥ ካጨሰ ግን ነገሩ የፋሻ ነው። የጥገናው ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ስለሚለያይ መካኒኩ ጭሱ መቼ እንደሚታይ ሊነገረው ይገባል።

እዚህ ላይ የራሴንም ልናገር። ከዓመታት በፊት በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነጭ አረፋ አይቼ የአንድ ሰው ቴስታ አውርጃለሁ። ጓርኒሲዮኑ ደህና ነበር። መኪናዋ ከቤት ወደ ቢሮ አጭር መንገድ ብቻ እየሄደች ሳትሞቅ የምትጠፋ ነበረችና አረፋው ከብርዱ የተነሣ የተጠራቀመ እርጥበት ነው። መለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ መሆኑንና ውሃው አለመጉደሉን አስቀድሜ ብመለከት ኖሮ የጓርኒሲዮኑን ዋጋ ከኪሴ ባልከፈልኩ ነበር።

ጋራዥ ሲደርሱ ምልክቱን ትቶ ፍርዱን ማቅረብም የተለመደ ነው። አንድ ወጣት «ኢንጀክተሩን ቀይርልኝ» ብሎ፣ ነዳጅ ረጪውን ማለቱ ነው፣ ቁልፉን ወርውሮልኝ ሄደ፤ የተበላሸው ግን የነዳጅ ፊልትሮው ነበር። በዚያው ሳምንት ከሳላድንጋይ በኩል አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ይዘው የመጡ ሽማግሌ ግን «ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው አልነሣ የሚለኝ፤ አንዴ ከተነሣ ቀኑን ሙሉ አያስቸግረኝም» አሉኝ። «አባቴ፣ ግማሹን ሥራ ሠርተውልኛል» አልኳቸው፤ ቀዝቃዛ የናፍጣ ሞተር እንዲነሣ ከሚያሞቁት ከአራቱ ካንዴሌታዎች ሦስቱ ተቃጥለው አገኘሁ።

የሞተር መብራት እንዲጠፋ የባትሪ ገመድ ነቅሎ መምጣት፣ ኮምፒዩተሩ የመዘገበውን ብልሽት ሊሰርዝ ስለሚችል፣ ምስክርን ማባረር ነው። የኮምፒዩተር ምርመራውም ቢሆን ችግሩ ያለበትን መስመር ይጠቁማል እንጂ የሚገዛውን ዕቃ አይነግርም።

ቴስታ ከወረደ ዘንድ ጓርኒሲዮን ብቻ ለውጦ መመለስን የሚያቀርብ ጋራዥ ዋጋው ቢረክስም አይመረጥ። ቴስታው በቀጥታ ብረትና በስስ መለኪያ መጣመሙ መታየት አለበት፤ ከተጣመመ ይላጋል፤ ቡሎኖቹም የሚጠብቁት በክንድ ግምት ሳይሆን ልኩ በሚነበብ ቁልፍና በቅደም ተከተል ነው። ይህ መሣሪያ እንዳላቸው መጠየቅ ነውር የለበትም። ዋጋው አስቀድሞ በጽሑፍ ይሁን፤ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃም ይረከቡ።

የመጨረሻው ስህተት መኪናን ከተማ ውስጥ አንድ ዙር ዞሮ መረከብ ነው። ያን አይሱዙ ቴስታው ተልጎ ከተገጠመ በኋላ ከልጁ ጋር ደብረ ሲና ድረስ ወርደን ዳገቱን መልሰን ወጣነው፤ መለኪያው ከመሃል አልነቃነቅ አለ። እንዲህም ሆኖ ቁልፉን የሰጠሁት በማግሥቱ ነው፤ መኪናው ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ክዳኑን ከፍተን ውሃው ጫፍ ድረስ መኖሩን ሁለታችንም ካየን በኋላ።