ለትንሿ መኪናችሁ ጎማ ከየት ይገኛል?

ትንሽ የሞዴል መኪና ስትሠሩ ቦዲውን በካርቶን መሥራት ብዙም አይከብድም። ሰው የሚቸገረው ጎማው ላይ ነው። ጎማው ካላማረ ደግሞ ያ ሁሉ ልፋት አይታይም።

መጀመሪያ ለኩ። ደብረ ብርሃን ላይ በደሴ መስመር ዳር የቆመ አይሱዙ አይጠፋም፤ ሹፌሩን አስፈቅዳችሁ ጎማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሜትር ለኩት። 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መኪናውን 24 ጊዜ አሳንሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ 33 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጎማ ትፈልጋላችሁ ማለት ነው። የሃይላንድ ክዳን ወደ 30 ስለሚጠጋ፣ ጎሚስታ ቤት ከሚጣለው የውስጥ ጎማ በቀጭኑ ቆርጣችሁ ብትጠመጥሙበት መጠኑ ልክ ይመጣል፣ መልኩም ቁርጥ እውነተኛ ጎማ ይሆናል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው። የኋላው ጎማ ድርብ ስለሆነ ሁለት ሁለት ክዳን አጣብቁ። ለባጃጅ የኮት ቁልፍ ይበቃል።

መሃሉን በዓይን አትገምቱ፣ መኪናው እየተንገዳገደ ነው የሚሄደው። ክዳኑን ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን አስምሩ፣ ክቡን ቁረጡና አራት ቦታ እጠፉት። መስመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ መሃሉ ነው። ክዳኑ ላይ ለጥፋችሁ በጋለ ምስማር ብሱት፤ ጭሱ ጥሩ ስላልሆነ ግን ደጅ ውጡ፣ ልጆችም ብቻቸውን አይሞክሩት።

ለዘንጉ ቀጥ ያለ ሽቦ ቀለሙ ባለቀ የእስክሪብቶ ቱቦ ውስጥ አሳልፉ። ቱቦው ከመኪናው ሆድ ጋር ይጣበቃል፣ ሽቦው ውስጡ እንደልቡ ይሽከረከራል። ማስቲሽ ሽቦው ላይ እንዳይፈስ ብቻ ተጠንቀቁ።