ካባ እና ኮባ፦ ልጆችን ቤት ውስጥ ጽሕፈት ማስተማር

ካባና ኮባ በጽሕፈት የሚለያዩት በአንድ እግር ነው። ካ ቀኝ እግሯ ረዝሞ ግራዋ ያጥራል፤ ኮ ደግሞ ግራዋ ረዝሞ ቀኟ ያጥራል። እግሩን ልክ ያላደረገ ልጅ የንጉሥ ካባ ሊጽፍ ተነሥቶ የዳቦ መጋገሪያ ቅጠል ይጽፋል። ስለዚህ በፊደል ጽሕፈት መጀመሪያ የሚፈለገው ማማር ሳይሆን ልክ ነው። ማማሩ በኋላ ራሱ ይመጣል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ ወይም በለገጣፎ የሚያድግ ልጅ ሦስት ሥራ ይጠብቀዋል። የአማርኛውን ፊደል ይጽፋል፤ የላቲኑን ፊደል ለአፋን ኦሮሞ ቁቤና ለእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ቆይቶ ደግሞ ላቲኑን ከርሲቭ በሚባለው ተያያዥ አጻጻፍ ይለማመዳል። ሦስቱን በአንድ ጊዜ መጀመር አንዱንም አለማስያዝ ነው። ፊደሉን አስቀድሙ፤ ከሦስት ወይም ከአራት ወር በኋላ የላቲኑን ነጠላ ፊደል አስከትሉ፤ ከርሲቩን ልጁ 7 ወይም 8 ዓመት እስኪሆነው አቆዩት።

ከእርሳስ በፊት

የ4 ዓመት ልጅ ጣቶቹ ገና አልጠነከሩም። ምስር ያስለቅሙት፣ ባቄላ ያስፈልፍሉት፣ ልብስ ሲሰጣ መቆንጠጫውን እሱ ይሰካ። እርሳስ የሚይዙት እነዚሁ ጣቶች ናቸው። ለመጀመሪያው ጽሕፈት የሚሆነው አሸዋ ነው፤ ቤት በማይሠራበት ሰፈር እንኳ የተረፈ የግንባታ አሸዋ አይጠፋም። በወንፊት ነፍታችሁ በትሪ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አንጥፉና በጠቋሚ ጣቱ ይጻፍ። መጀመሪያ ቁም መስመር፣ ቀጥሎ አግድም፣ ከዚያ ክብ፣ ከዚያ መስቀል። ሰያፍ መስመር መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ብዙ ልጆች የሚችሉት 5 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። በዚህ ምክንያት «በ» ከ«ለ» ይቀድማል፤ የ«በ» እግሮች ቀጥ ያሉ ናቸውና።

ክቡን ሁልጊዜ ከላይ ጀምሮ ወደ ግራ እየዞረ ይሥራው። ለፊደሉ ዐ ብዙ ለውጥ የለውም። ላቲኑ ሲመጣ ግን ስሞል ሲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ እና ኦ በሙሉ በዚሁ አዟዟር ይጻፋሉ፤ በተቃራኒው የለመደ ልጅ ያን ጊዜ ሁሉንም እንደገና ይማራል።

አቀማመጥና አያያዝ

እግሩ መሬት ይንካ። ካልደረሰ ከሥሩ የተገለበጠ ሳጥን ወይም ዱካ አድርጉለት፤ እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ በክንዱ ጠረጴዛው ላይ ስለሚደገፍ እጁ እንደ ልብ አይሄድም። ጠረጴዛው በክርኑ ቁመት ልክ ይሁን። በቀኝ ለሚጽፍ ብርሃኑ ከግራ፣ በግራ ለሚጽፍ ከቀኝ ይምጣ፤ አለዚያ የእጁ ጥላ በሚጽፈው ላይ ይወድቃል።

እርሳሱ ከጫፉ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በአውራና በጠቋሚ ጣት ይያዝና በመሃል ጣት ጎን ላይ ይረፍ። ረጅም እርሳስ ለትንሽ እጅ ይከብዳል፤ ለሁለት ቆርጣችሁ ሁለቱንም ቅረጹ። ጣቱን ሁሉ ለሚጠቀልል ልጅ አንድ ሽንብራ በቀለበት ጣቱና በትንሿ ጣቱ ሥር አስይዙት፤ ሽንብራው እንዳይወድቅ ሲል ሦስቱ ጣቶች ብቻቸውን ይሠራሉ።

ገጹን ገልብጣችሁ ጀርባውን በጣት ዳብሱት። ጽሑፉ በጣት ከተሰማ ልጁ ከልክ በላይ ይጫናል፤ ቶሎ ይደክመዋል፣ ቀስ በቀስም ጽሕፈት ይጠላል። ቱቢ የሚባለውን ለስላሳ እርሳስ ስጡት። ላጲሱን ግን ደብቁ። የተሳሳተውን በአንድ ሰረዝ ይሰርዝና ከጎኑ ይጻፍ፤ ላጲስ ያገኘ ልጅ ግማሹን ጊዜ ሲያጠፋ ይውላል።

ግራኝ ልጅን ወደ ቀኝ አታስገድዱ። ደብተሩን ከመሃል ወደ ግራ አስጠግታችሁ የላይኛውን ጫፍ ወደ ቀኝ አዘንብሉት፤ እርሳሱንም ከጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርጎ ይያዝ፤ ያኔ የጻፈውን ያያል፣ እጁም አይፈገፍገውም። ለቀኝ እጅ ደብተሩ ወደ ግራ ያዘነብላል።

ፊደሉ

በተራ ደብተር ሁለት መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሴንቲ አይሞላም፤ ለጀማሪ ጠባብ ነው። በየሁለት መስመሩ የታችኛውን በቀይ አድምቁት፤ እሱ መሬት ነው፣ ሁሉም እግር እዚያ ይቆማል። በመሃል ያለው መስመር ሲቆይ ለካዕብ፣ ማለትም እንደ ቡ ላለው ሁለተኛ ፊደል፣ ይጠቅማል።

ምሳሌውን በእጃችሁ ጻፉለት፤ ከታተመ የፊደል ገበታ አያስገልብጡት። የታተመው ፊደል የመቃ ብዕር መልክ ስላለው አንዱ ጎኑ ወፍራም ሌላው ቀጭን ነው። ልጁ ወፍራሙን ለመምሰል በአንድ እግር ላይ አሥር ጊዜ እየተመላለሰ ያጠቁረዋል።

ከሀ አትጀምሩ። ዜማውን ከሀ እስከ ፐ ቢያወርደው ደስ ይላል፤ ለእጅ ግን የሚቀለው በቅርጽ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ መያዝ ነው። በ«በ» ጀምሩ። ግራ እግር ከላይ ወደ ታች፤ እርሳሱ ይነሣል፤ ከዚያው ከላይ ጣራው ወደ ቀኝ ሄዶ ሳይነሣ ቀኝ እግር ሆኖ ይወርዳል። ልጆች የሚሳሳቱት ከግራ እግር ታች ተነሥተው ወደ ላይ ሲጽፉ ነው፤ ያን ጊዜ እግሩ ይንጋደዳል፣ ከቀዩ መስመርም ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ወደ ታች የሚሄድ እጅ መድረሻውን እያየ ስለሚሄድ ይቆማል።

ከበ በኋላ ሰ፣ ለ፣ ከ፣ አ ይከተሉ። ከዚያ ባለ አንድ እግሮቹ፦ ተ፣ ቀ፣ ነ። ሰ የያዘ ልጅ ላዩ ላይ አግድም ሲጨምር ሸ አገኘ፤ ተ ቸ ይሆናል፣ ነ ኘ፣ ከ ኸ። አራት ፊደል በነጻ ማለት ነው። መ እና ወ ይቆዩ፤ ክቦቻቸው ሲጠጋጉ ልጁ ያደባልቃቸዋል።

33ቱን ግዕዝ ጨርሶ ወደ ካዕብ መሄድ አያስፈልግም። አሥር ያህል ሲይዝ እርባታውን ጀምሩ፤ ግን በአንድ ፊደል ሰባቱን ሳይሆን በአሥሩ ፊደል አንዱን። ቡ፣ ሱ፣ ሉ፣ ኩ ሁሉም በቀኝ እግር ወገብ ላይ አንዲት ሰረዝ ናቸው። ቢ፣ ሲ፣ ሊ፣ ኪ ሰረዟን እግር ሥር ያወርዷታል። የተለመደው ስሕተት የካዕብ ሰረዝ እያዘቀዘቀች ቡ ቢን መምሰሏ ነው፤ የመሃሉ መስመር የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ኃምስ (ቤ፣ ሴ፣ ሌ፣ ኬ) ላይ ቀለበቷ ከእግሩ ተለያይታ እንዳትንሳፈፍ እርሳሱን ሳያነሣ ይቋጫት።

ራብዕና ሳብዕ በተለያየ ሳምንት ይሁኑ። ባለ ሁለት እግሮቹ በራብዕ ቀኝ እግራቸውን ያስረዝማሉ፤ ባ፣ ሳ፣ ካ፣ ዳ። ተ እና ቀ ግን አንድ እግራቸውን ወደ ግራ ያጥፋሉ። ሳብዕ ቦ፣ ሶ፣ ኮ፣ ዶ ላይ ግራው ይረዝማል፤ ሎ እና ቶ ላይ ቀለበት ነው። ሁለቱ ሲለዩለት «ዳቦ»ን አስጽፉት፤ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ይቆማል። ቀጥሎ «ኮባ»፣ ከዚያ «ካባ»። ረጅሙን እግር በቀይ፣ አጭሩን በጥቁር ቢጽፍ አንድ ሳምንት ይበቃዋል።

ሳድስ አንድ ሕግ የለውም። ብ፣ ት፣ ል፣ ር፣ ን፣ ም እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጠናሉ፤ ደግሞም በአማርኛ በብዛት የሚመጡት እነሱ ስለሆኑ በየቀኑ ሁለቱን መድገም አይበዛም።

ለ5 ዓመት ልጅ በቀን 10 ደቂቃ፣ ለ7 ዓመት 15 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ገጽ ሙሉ «በ» ከማስጻፍ አምስት አስጽፎ «የትኛው ደህና ቆመ?» ብሎ እሱን ማስመረጥ ይሻላል። አምስተኛው ከአራተኛው ከከፋ እጁ ደክሟል፤ አቁሙ።

ላቲኑ

ፊደል የለመደ ልጅ ሁሉን መስመር ላይ ያቆማል። ስሞል ጂ፣ ጄ፣ ፒ፣ ኪው እና ዋይ ግን ከመስመር በታች ጅራት ያወርዳሉ፤ ቢ፣ ዲ፣ ኤች፣ ኬ፣ ኤል ወደ ላይ ይረዝማሉ። ባለ አራት መስመር ደብተር ካልተገኘ በማስመሪያ አስምሩ። ቢን እና ዲን መገልበጥ እስከ 7 ዓመት የሚያስደነግጥ አይደለም። መድኃኒቱ አጀማመራቸውን መለየት ነው፦ ቢ በቁም መስመር ይጀምራል፤ ዲ በሲ ይጀምርና ቁሙ ይከተላል። ሁለቱን በአንድ ቀን አታስተምሩ።

ከርሲቭ

ፊደላችን ተቀጣጥሎ አይጻፍምና ከርሲቭ ለእጅ አዲስ ነገር ነው። በስሞል ብቻ ጀምሩ፤ ካፒታሎቹ መጨረሻ ላይ ይድረሱ። መጀመሪያ የሲ ዘመዶች፦ ሲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ። ቀጥሎ ከመስመር ወደ ላይ የሚነሡት አይ፣ ቲ፣ ዩ። ከዚያ ባለ ቀለበቶቹ ኢ፣ ኤል፣ ኤች። ፊደሉን ለብቻው ከያዘ በኋላ ወዲያው ከሌላ ጋር አያይዙት፤ ችግሩ ያለው መያያዣው ላይ ነውና። ኦ፣ ቢ፣ ቪ እና ደብሊው መያያዣቸው ከላይ ነው የሚወጣው፤ ልጁ እንደ ሌሎቹ ከታች ሲያወጣው «ኦ» «ኤ»ን ይመስላል። እነዚህን አራቱን ከሚከተላቸው ፊደል ጋር ለየብቻ አለማምዱ።

ለአፋን ኦሮሞ ጥንዶቹ ፊደላት ጥሩ መለማመጃ ናቸው። ሲ፣ ዲ፣ ፒ እና ኤስ ከኤች ጋር፣ ኤን ከዋይ ጋር ይጣመራሉ። ከአምስቱ አራቱ ወደ ኤች ስለሚሄዱ ከመስመር ተነሥቶ የኤችን ረጅም ቀለበት የሚሠራውን መያያዣ ቀድማችሁ አስይዙት። ጥንዱ ሳይነሣ አንድ ላይ ይጻፍ፤ ድምፁም አንድ ነው።