የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል ልጅን በሒሳብ እንዴት እናግዝ?

«እስከ 6ኛ ክፍል ጎበዝ ነበር፣ 7ኛ ሲገባ ሒሳቡ ወረደ» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ አይደለም። ከ4ኛና ከ5ኛ ክፍል የቀረ ክፍተት ነው፣ ኔጌቲቭ ቁጥርና እኩልታ ሲመጣ ይጋለጣል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ትምህርቱ ከ7ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን፣ ሒሳቡን የሚችል ልጅ ጥያቄው ሳይገባው ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ አስጠኚ ከመቅጠራችሁ በፊት ክፍተቱን ፈልጉ።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ አጫጭር ጥያቄዎች ጻፉለት፦ 7×8፣ 1/2 + 1/3፣ −3 − 5፣ የ800 ብር 15 በመቶ። ሰዓት አትያዙበት። ሲሳሳትም ቶሎ አታርሙት፤ «እንዴት አድርገህ አገኘኸው?» ብላችሁ ጠይቁና እስኪጨርስ ስሙት። ክፍተቱ የሚታየው አካሄዱ ላይ ነው።

ቀጥሎ ክፍልፋይ። እኔ ከሁሉም ይልቅ ረጅም ጊዜ መስጠት የምመርጠው ለዚህ ነው። 1/2 + 1/3 ስንት ነው ስትሉት 2/5 ካለ፣ የላይኛውን ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው ደምሮ ነው፤ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» በሉት። ያንሳል። ታዲያ ግማሽ ላይ ሌላ ነገር ጨምረን እንዴት ከግማሽ በታች ይመጣል? እዚህ ጋ ራሱ ይነቃል። ከዚያ ባለ ስኩዌር ደብተር ላይ 12 ካሬ በአንድ መስመር ያስምር፣ ግማሹን ማለትም 6 ካሬ በአንድ ቀለም፣ ሲሶውን ማለትም 4 ካሬ በሌላ ቀለም ይቀባ። ከ12ቱ 10 ተቀባ፣ ሲቃለል 5/6። ታህቱን (የታችኛውን ቁጥር) ማመሳሰል ለምን እንደሚያስፈልግ አንዴ በዓይኑ ካየ አይረሳውም።

−3 − 5 ላይ 8 የሚል ልጅ «ማይነስ በማይነስ ፕላስ» የሚለውን ሸምድዷል፣ ግን ሕጉ የማባዛትና የማካፈል መሆኑን አላወቀም። በዕዳ አስረዱት። 3 ብር ዕዳ አለብህ፣ 5 ብር ደግሞ ተበደርክ፣ አሁን ስንት አለብህ? 8 ብር ዕዳ፣ ማለትም −8።

የማባዛት ሰንጠረዥ ግን በቃል መያዝ አለበት፣ ድርድር የለውም። 7×8ን በጣቱ የሚቆጥር ልጅ እኩልታው መሃል ላይ ሐሳቡ ይበተናል። የሚያቅቱትን ብቻ ለዩ፤ ብዙዎቹ 6×7፣ 7×8፣ 8×9 አካባቢ ናቸው። ከጠፋበት መድረሻ መንገድ ይኑረው፦ 7×4 ሃያ ስምንት ነው፣ እጥፉ 56።

ፐርሰንትን ከደረሰኝ ላይ አለማምዱት። የ800 ብር ዕቃ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመር ስንት ይሆናል? 10 በመቶው 80፣ 5 በመቶው የዚያ ግማሽ 40፣ በድምሩ 120። ስለዚህ 920 ብር። ካልኩሌተር አያስፈልግም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ከማስጨነቅ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይሻላል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። የስህተት ደብተርም ይኑረው፦ የሳተውን ጥያቄ፣ የት ጋ እንደሳተ በራሱ ቋንቋ ይጽፋል፣ ከሳምንት በኋላ ሳያይ ደግሞ ይሠራዋል። እባካችሁ ልጁ ፊት «እኔም ሒሳብ አይገባኝም ነበር» አትበሉ፤ ለሴት ልጅ ደግሞ «ሒሳብ የወንዶች ነው» ብሎ ነገር ጨርሶ አይነሳ።

የ8ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ አሮጌ ፈተናዎች ይሮጣል። እነሱን የምታወጡት ክፍተቱ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሲሠራም ምርጫዎቹን በወረቀት ይሸፍን፣ መልሱን ራሱ ያግኝ፣ ከዚያ ይግለጥና ከምርጫዎቹ ጋር ያመሳክር። ያገኘው መልስ ከምርጫዎቹ ውስጥ ከሌለ ገምቶ አይክበብ፣ ተመልሶ አካሄዱን ይመርምር።